ሲፒዩ ታቅፎ አማት ቤት

ባሌ ሪድዋን ከሚሴ ውስጥ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ጠዋት ደብተሩን ይዞ በየግቢው ይገባል፣ ውሻ ይጮህበታል፣ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ይወጣል። ስምንት ዓመት ሙሉ ሲያነብ አንዲት ቁጥር አሳስቶ አያውቅም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ እሱ ራሱ ነው፣ ያውም ሳይጠየቅ። ከዐሱር ሶላት በኋላ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሸሚዙን አውልቆ በካናቴራ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ቤቱ በእሳት ቢያያዝ የሚሰማ አይመስለኝም።

ኮምፒውተር ስል ቀጭን ላፕቶፕ እንዳይመስላችሁ። የሪድዋን ኮምፒውተር ከየቦታው የተለቃቀመ ነው። ሲፒዩውን፣ ትልቁን የብረት ሳጥን ማለቴ ነው፣ ደሴ ካለ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ገዛው። ሞኒተሩን አንድ መሥሪያ ቤት ያረጀ ዕቃ ሲያስወግድ አገኘው፤ ግራ ጥጉ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው። ኪቦርዱ ላይ የተፋቁትን ፊደሎች እኔ በጥፍር ቀለም ጽፌለታለሁ። የከሚሴ ሙቀት ደግሞ ለሰውም ለዕቃም አያዝንም፤ ስለዚህ የሲፒዩው ክዳን ወልቆ ቬንትሌተር ይነፋበታል። ያ ቬንትሌተር የተገዛው ለሰው ነበር። እኔና ልጃችን ሰልማ በካርቶን እያራገብን ሳጥኑ ሲነፈስበት እናያለን።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ስሜ ነኢማ ይባላል። ቤታችን ያለው ጠረጴዛ አንድ ነው፤ ግማሹ የስፌት መኪናዬ፣ ግማሹ የእሱ። ድንበሩ በየሳምንቱ ወደ እኔ ይገፋል። አንዳንዴ ዝም እላለሁ፣ ብዙውን ጊዜ ግን ዝም አልልም። እውነቱን ለመናገር የሚጠቅም ነገርም ሠርቶልኛል። የደንበኞቼን ልክ የሚይዝ ፕሮግራም ጽፎልኛል፤ ስም ሲገባለት ደረቱን፣ ወገቡን፣ ቁመቱን ያወጣል። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረውም፤ በስልኩ ካወረደው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መዝገበ ቃላት እያገላበጠ ነው የተማረው። እኮራበታለሁ። ፊት ለፊት ግን አልነግረውም፣ ድንበሩን ይበልጥ ይገፋላ።

አንድ አመል አለው። የሚሠራው ብቻውን፣ የሚያሳየው ግን ሰው ሰብስቦ ነው። አንድ ጊዜ የጎረቤቱን ሁሉ ስም በራሱ ድምፅ ቀድቶ ሰላምታ የሚሰጥ ፕሮግራም ሠራና ሰፈሩን ጠራ። ጎረቤታችን ፋጡሜ ሳጥኑ "አሰላሙ አለይኩም ፋጡሜ" ሲላት ሻሿን አስተካክላ "ወአለይኩሙ ሰላም፣ ደህና ነህ ወይ ልጄ?" አለችው። ሪድዋን ያን ቀን ራት አልበላም፣ ደስታው አጥግቦት።

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ እሱም ነሐሴ ላይ የዓመት ፈቃዱን ይወስዳል፤ ሦስታችን ጨፋ ሮቢት አባቴ ቤት እንሄዳለን። ከሚሴና ሮቢት ያን ያህል ሩቅ አይደሉም፤ እኛ ግን ለሐጅ እንደሚሄድ ሰው ነው የምንዘጋጀው። ዘንድሮ ሻንጣ ሳስር ሪድዋን መጥቶ "ኮምፒውተሩም ይሄዳል" አለኝ።

"ምን ሊሠራ?"

"እሱም የዓመት ፈቃዱ ነው።"

ሚኒባስ ውስጥ ሲፒዩውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አቀፈው። ሞኒተሩ እኔ ላይ፣ ኪቦርዱ ሰልማ ላይ ወደቀ። ረዳቱ ጎንበስ ብሎ አየና "ወንድም፣ ሕፃኑ አልበረደውም?" አለ።

"ሕፃን አይደለም" አለ ሪድዋን ኮስተር ብሎ።

"ታዲያ ምን ያሳቅፍሃል?"

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ሞኒተሩን ታቅፌ በመስኮት ወደ ሸለቆው ዞርኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ቦርከና ሞልቶ ደፍርሶ ይወርዳል፣ ማሽላው ወገብ ደርሷል፣ ከብቱ እርጥብ ሣር ውስጥ እስከ ጉልበቱ ሰምጦ ይግጣል። ይህን ሸለቆ በየዓመቱ አየዋለሁ፣ በየዓመቱ ደስ ይለኛል።

ኮምፒውተሩ የተጫነው ለሽርሽር አልነበረም። ሪድዋን ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ዘር የሚቆጥር ፕሮግራም ጽፎ ነበር። የእኛ ቤተሰብ ሰባት ቤት ሳይቆጥር ልጅ አይድርም። ወንዱና ሴቷ ወደ ላይ፣ በአባት በአያት ሲቆጠሩ፣ ከሰባተኛው ቤት በፊት አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ጋብቻ የለም። ሰባተኛው ላይ ከደረሱ ዝምድናው አልቋል ይባላል፣ ይጋባሉ። ሪድዋን የሁሉንም ስም ካስገባ በኋላ የሁለት ሰው ስም ሲጽፍለት፣ ፕሮግራሙ የት እንደሚገናኙ ያወጣል።

የሚቆጠርላት ሰው ደግሞ ቤት ውስጥ ነበረች። እናታችን ከሞተች ወዲህ ጨፋ ሮቢት ያሉት አባቴ በድሩ፣ የእሱ እናት መሪየምና ታናሽ እህቴ ሚስራ ናቸው። አያታችንን በኦሮምኛው አኮ እንላታለን። ሚስራ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ሰንበቴ ላይ ከብት የሚከትብ ሳዳም የሚባል ልጅ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት የአባቴን ላሞች ሊከትብ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ጤነኛዋን ጥጃ ሳይቀር እየተመላለሰ ሲያያት ከረመ። አሁን በነሐሴ መጨረሻ ሽማግሌ እንደሚልክ አስታውቆ ነበር።

በደረስን ማግስት ሚስራ ልብስ እያሰጣች ቀስ ብላ "እሱ ካልሆነ ማንንም አላገባም፣ ነኢማ" አለችኝ።

"ለአባዬ ነግረሽዋል?"

"እንዴት ብዬ? እሱስ መቼ ጠየቀኝ?"

እውነቷን ነው። አባቴ ደግ ሰው ነው፣ ልጆቹን ይወዳል፣ ግን ስለ ባል ሴት ልጁን የሚጠይቅ ሰው አይደለም።

ሪድዋን ኪቦርድ ይዞ ዘር ይጽፋል ሲባል ዘመድ ጎረቤቱ ግቢውን ሞላው። ግማሹ የእርዳታ ዘይት ምዝገባ መስሎት ነው የመጣው። አንዷ አክስቴ የሌሉ ሁለት ልጆች አስመዘገበች፤ ኋላ ዘይት እንደሌለ ስታውቅ "በል አውጣቸው" አለችው። አባቴ መጀመሪያ ላይ ሳጥኑን በጎን ነበር የሚያየው። አንድ ቀን ግን የአጎቱን ወገን ሲያስቆጥር አንድ ስም ዘለለ፤ ሪድዋን ስክሪኑን አይቶ "አባባ፣ እዚህ ጋ አንድ ሰው ጎድሏል" አለው። አኮ ስትጠየቅ እውነትም ጎድሎ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ለገባ ለወጣው "ማሽኗ አትረሳም" ይል ጀመር። ሪድዋን ደግሞ አንገቱ ረዘመ።

የሳዳምን ወገን ለመጻፍ በገበያ ቀን ሰንበቴ ወረድን። የሪድዋን አክስትም እዚያ ስላለች አንድ ሌሊት እሷ ዘንድ አደርን። ገበያው ግመሉን ከበሬው፣ ከቆላ የወረደውን ከደጋ ከመጣው ቀላቅሎ ይጮሃል። ሳዳም በሰው መሐል እየተጋፋ መጥቶ ሰልማን ትከሻው ላይ አወጣት፤ የአባቱን ወገን በአንድ ትንፋሽ እስከ ላይ አስቆጠረ። ከዚያ ግን ሁለቴ ውሃ ጠጣ። አብሮት የነበረ አፋር ከብት ነጋዴ ሪድዋን ደብተር ላይ ሲጽፍ አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ስንነግረው ሳቀ። "እኛ ዘንድ የአክስት ልጅ ናት የምትታጨው። እናንተ ሰባት ቤት ወጥታችሁ እስክትወርዱ ልጅቱ ታረጃለች" አለን።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር አኮ ለተዕዝያ፣ ለቅሶ ልትደርስ፣ ወደ ጎረቤት ቀበሌ ሄደች። በማግስቱ ትመለሳለች፤ የእሷ ዘር ቆጠራ ግን አስቀድሞ ተጽፏል። ሪድዋን ታዲያ እስከ ነገ የሚጠብቅ ሰው ነው? ከዐሱር በኋላ አባቴን፣ አጎቶቼን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሳሎን ሰበሰበ። ሚስራ ሻይ እያደለች በር ጋ ቆመች። ሪድዋን እጁን አፋትጎ የሁለቱን ስም ጻፈ፣ ቢስሚላህ ብሎ ተጫነ።

"የሚገናኙት ጅሎ ላይ ነው" ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። "ስድስት።"

በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ጨለመ።

አባቴ የሻይ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። "ሸሪዓው እንደማይከለክለን አውቃለሁ" አለ። "ግን አባቴ ሰባት ቤት ሳይሞላ አልሰጠም፣ የእሱም አባት አልሰጠም። ማፍረሱን ከእኔ ልጀምር? ነገ ሰዎቹን በክብር አብልቼ እመልሳቸዋለሁ።"

"አባባ፣ እስኪ ስሞቹን ደግሜ ልያቸው" አለ ሪድዋን።

"ምኑን ታያለህ? እኔን ራሴን ያረመች ማሽን ናት።"

ሚስራ ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወጣች። ተከትያት ስሄድ ማድቤት ውስጥ የታጠበ ድስት እንደገና ትፈትጋለች። "ይጠይቁኛል ብዬስ አልጠበቅኩም" አለችኝ። "ግን ይሆናል ብዬ ነበር፣ ወላሂ ይሆናል ብዬ ነበር።" እንባዋ ድስቱ ውስጥ ይንጠባጠባል። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ከዚያ ሄጄ ባሌን ግቢ ውስጥ አገኘሁት። ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመት፣ እንደዚያ ቀን ተናድጄበት አላውቅም። "ሰው ግቢ ገብተህ ቁጥር አንብበህ መውጣት ለምደሃል" አልኩት። "ይህ የሰው ቆጣሪ አይደለም፣ እህቴ ናት! ከማንበብህ በፊት ብቻህን ብታየው ምን ነበረበት?"

ስሞቹን የጻፈበትን ደብተር አመጣ። ደብተሩን ዘርግቶ ስሞቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየተከተለ አየ። ደግሞ አየ። ሦስተኛ ጊዜ አየ። "ስሞቹ ሁሉ ልክ ናቸው፣ ነኢሚ" አለኝ። ደብተሩን ግን ለአራተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው ገለጠው። አሳዘነኝ፤ ግን ልቤ ገና አልበረደም ነበርና ትቼው ገባሁ።

አኮ በነጋታው ረፋድ ላይ በጋሪ መጣች። "አካም ቡልተን?" እንዴት አደራችሁ ብላ ገባች፤ ማንም እንደወትሮው ስላልመለሰላት ቆመችና አንድ በአንድ ፊታችንን አየች። አባቴ ነገራት። ሽማግሌዎቹ ከዙሁር በኋላ ይደርሳሉ። መብራት ተመልሶ ስለነበር ሪድዋን ስክሪኑን አሳያት፤ ማንበብ እንደማትችል ሁላችንም እናውቃለን፣ እሱም ያውቃል።

"ማል ጄዳ ሳጥኑ?" አለች። ምን ይላል ማለቷ ነው።

"ስድስት ይላል፣ አኮ።"

"ውሸቱን ነው። ይህን ወገን እኔ ተድሬ ከመጣሁ ጀምሮ ስቆጥረው ኖሬያለሁ። ማሽላ አምጡልኝ።"

ሚስራ በሰፌድ ማሽላ አመጣችላት። አኮ መሬት ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች፣ አንድ ፍሬ አንስታ ፊቷ አስቀመጠች። "ሚስራ" አለች።

"አኮ፣ ሚስራ አትቆጠርም" አለ ሪድዋን ቀስ ብሎ። "መነሻችን ስለሆነች እሷ ዜሮ ናት።"

የአኮ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ። "ዜሮ ምንድን ነው?"

"ዜሮ ማለት... ምንም ማለት ነው። ኮምፒውተር ከዜሮ ነው መቁጠር የሚጀምረው። አዲስ የውሃ ቆጣሪም እንደዚያው ነው፣ ከዜሮ ይነሳል።"

"ቆጣሪህማ ይነሳ፣ ውሃ ገና አላለፈበትም። በእኔ ልጅ ላይ ግን ሃያ አራት ክረምት አልፏል። ልጄ ምንም ናት? የምትዳረዋ እሷ አይደለችም ወይ?"

አኮ ፍሬዎቹን ቀጠለች፤ በድሩ፣ ዘይኑ፣ ይመር፣ ሁሴን፣ ቡሽራ፣ ጅሎ። ሰባት ፍሬ። ከጎኑ የሳዳምን ደረደረች፤ የመጀመሪያው ፍሬ ሳዳም ራሱ፣ የመጨረሻው ጅሎ። እሱም ሰባት።

"ላ ኢላሃ ኢለላህ" አለ ሪድዋን ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ። "ስሞቹ ልክ ናቸው፣ ስህተቱ አቆጣጠሬ ላይ ነው። ልጅቷን አንድ ብዬ መጀመር ሲገባኝ ዜሮ ብዬ ጀመርኩ። አባባ፣ ማሽኗ ምንም አላጠፋችም፤ ያሳሳትኳት እኔ ነኝ። አውፍ በሉኝ።" ከዚያ ወደ ሚስራ ዞሮ "አንቺም አውፍ በይኝ" አላት።

ስምንት ዓመት አልተሳሳትኩም የሚለው ባሌ ሰው በተሰበሰበበት እንዲህ ሲል ስሰማ ንዴቴ ከየት ወጥቶ የት እንደገባ አላውቅም። ሚስራ ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች። አኮ ማሽላውን ወደ ሰፌዱ እየመለሰች "አብሽር፣ አንተ ምን ታደርግ" አለችው። "ሁላችሁም ከትናንት ጀምሮ ያለችውን ትታችሁ የሞተ ስትቆጥሩ ነው የዋላችሁት።"

አባቴ የአኮን ንግግር ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ፣ ተነሥቶ ውዱእ ሊያደርግ ወጣ።

ሽማግሌዎቹ ከዙሁር በኋላ መጡ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ዱዓ ተደረገ። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ "እንግዲህ እንደ ደንባችን ዘር እንቁጠር" ሲል አባቴ እጁን አነሣ።

"ከዚያ በፊት ልጅቱን ጥሩልኝ" አለ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም። ሚስራ ገብታ በሩ ጋ ቆመች፣ ሻሿ እስከ ግንባሯ ወርዷል። አባቴ አላያትም፣ ምንጣፉን እያየ ነው የጠየቃት። "ሚስራ፣ ሳዳም በሽማግሌ ጠይቆሻል። አንቺስ ትፈልጊዋለሽ?"

ዝም ብትል እሺታ ይሆንላት ነበር፤ ከኀፍረት ነው ተብሎ ይታለፋል። ሚስራ ግን ቀና አለችና "ኤዬን፣ አባ" አለች። አዎ ማለት ነው። ድምፁ ከግቢው ሳይወጣ አልቀረም፤ እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ አሾልቄ እያየሁ ጠርቶ ሰማሁት። ያን ጊዜ አባቴ አያት። "በሉ እንግዲህ ቁጠሩ" አለ ለሽማግሌዎቹ፤ "ከሚስራ ጀምሩ።" አኮ ከጓዳ እልል አለች፣ ገና ሳይቆጠር።

ሠርጉ አዝመራ ከገባ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ሪድዋን ፕሮግራሙን በዚያው ዕለት አስተካከለ፤ አንድ መስመር ብቻ ነው አለኝ። በዚህ ጊዜ ግን ሰው አልሰበሰበም። ብቻውን ሞከረው፣ ደግሞ ሞከረው፣ ከዚያ ሚስራን ብቻ ጠርቶ አሳያት። ስክሪኑ ላይ ከላይ "1 ሚስራ" ይላል።

ስንመለስ ያው ሚኒባስ ገጠመን። ረዳቱ ሪድዋን ብርድ ልብሱን ታቅፎ ሲገባ አይቶ "ማሻአላህ፣ ልጁ አድጓል!" አለ። ባሌ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አብሮ ሳቀ። ትንሽ እንደሄድን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ነኢሚ፣ እኔ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ አባባ አንቺን ጠይቆሽ ነበር?"

"አልጠየቀኝም" አልኩት።

ብርድ ልብሱን አጥብቆ ወደ ኋላ ተደገፈ። ዝናብ መስኮቱን ይመታል፣ ሰልማ ኪቦርዱ ላይ ተደፍታ ተኝታለች። ከሚሴ ልንገባ ስንል እንደገና ጠጋ አለ። "ቢጠይቅሽ ምን ትይ ነበር?"

በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም። ሞኒተሩን ጭኔ ላይ አደላድዬ "እሺ እል ነበር" አልኩት። "አንድ ነገር ግን አስጽፍ ነበር፤ ቬንትሌተሩ የእኔ ይሁን።"

ቤት ገብተን ገመዱን ሁሉ ሰካክቶ ሲጨርስ ቬንትሌተሩን ወደ እኔ አዞረው።